ያልተመዘነው ደወል

ደብረ ብርሃን ላይ ወልደአረጋይ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ጋሽ ኪሎ ካላችሁ ግን ከጠባሴ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ያለ ባለባጃጅ ሁሉ ቤቱ ድረስ ይወስዳችኋል። ስሙን ያወጡለት የሚሠራበት የጤና መሥሪያ ቤት ሹፌሮች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ሲሠራ፣ ዕቃ የጫነ መኪና በአጠገቡ ካለፈ «ይሄ ስንት ኪሎ ነው?» ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ሰርግ ተጠርቶ እንኳ ሰው ሙሽራዋን ሲያይ እሱ ጎንበስ ብሎ ያጀባትን ሚኒባስ ጎማ ነው የሚያየው። ሚስቱ ብርቱካን ነገሩ ሲመርራት «እኔንስ መቼ ነው ሚዛን ላይ የምታወጣኝ?» ትለው ነበር።

ይህን ጠባይ ዝም ብሎ አላመጣውም። በወጣትነቱ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ፣ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ውሃ የሞላ ተሳቢ የሚስበውን መኪና ከኋላ ገፍቶ ገደል ሲከተው በዓይኑ አይቷል። መኪናው ቀላል፣ ተሳቢው ከባድ ነበር፤ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ተቸነከረ። «ሰው መኪናው ተሳቢውን የሚጎትት ይመስለዋል» ይላል፤ «ዳገት ላይ አዎ። ቁልቁለት ላይ ግን ነጂው ተሳቢው ነው። መኪናው ካልከበደው፣ ፍሬኑ ካልቻለው፣ እሱ ወደ ፈለገበት ይወስድሃል።»

የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ረጂ ድርጅት ለመሥሪያ ቤቱ የዓይን ሕክምና የሚሰጥበት፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ሰጠ። ነጭ ነች። የምትቆመው በሁለት ጎማ ሲሆን መስኮቶቿ መጋረጃ አላቸው። ውስጧ የዓይን መመርመሪያ ወንበር፣ ማሽን፣ የውሃ በርሜልና መታጠቢያ አለ። ሹፌሮቹ አይተው ሲያበቁ ሙሽሪት አሏት፤ ስሟም በዚያው ጸና።

የስምሪት ኃላፊው ቢኒያም ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም፣ ነገር ግን ለዓይን የሚያምር ነገር ይወዳል። ሙሽሪትን አዲሱ ነጭ ፒካፕ እንዲጎትታት ፈለገ። «ጋሽ ወልዴ፣ የመኪናው መጽሐፍ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ይጎትታል ይላል» ብሎ ገጹን ገልጦ አሳየው።

«መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው» አለ ወልደአረጋይ። «እኛ ያለነው ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ነው፤ እዚህ ሞተርም እንደ እንግዳ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ደግሞ መኪናው ውስጥ የሚቀመጡትን አራት ሐኪሞች መጽሐፉ ቆጥሯል? ከኋላ የሚጫነውን ጄኔሬተር ቆጥሯል? የአንኮበርን ቁልቁለትስ አይቶታል?»

ቃሉን ብቻ ይዞ አልቀረም። ሙሽሪትን እህል መጋዘን ወስዶ የምድር ሚዛን ላይ አወጣት። ባዶዋን አንድ ሺህ ሰባት መቶ፣ ውሃና ዕቃዋን ይዛ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ መጣች። ቀጥሎ የኩንታል መመዘኛ አምጥቶ ከመኪናው ጋር የምትያያዝበትን የፊት ብረቷን ሚዛኑ ላይ አሳረፈው። አፍንጫዋ ይለዋል። ከጠቅላላ ክብደቷ ከመቶ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት እጁ አፍንጫዋ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ጭራዋ ከበደ ማለት ነው። ጭራዋ ከከበደ ትወዛወዛለች፣ የመኪናውንም ጀርባ ከመሬት ታነሳዋለች፣ ያኔ ሹፌሩ የጨበጠው መሪ ለይስሙላ ነው። ዕቃውን ከወዲያ ወዲህ ሲያዛውር ውሎ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ላይ አቆመው። ለመጎተቻ የመረጠውም ቀለሙ የለቀቀውን አሮጌውን ሃርድቶፕ ነው። ከባድ ነው፣ ፍሬኑም አይታማም። ቢኒያም ተቆጣ፣ ስብሰባ ጠራ፤ ወልደአረጋይ «እንግዲያው እኔ አልፈርምም» ብሎ ቁጭ አለ። ፊርማው ከሌለ መኪና ከግቢ አይወጣምና አሸነፈ።

ሹፌር ሲመርጡ እሱ ተስፋሚካኤልን ጠራ። ተስፋሚካኤል የመዘዞ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ዝምተኛ፣ ፋብሪካ የምትሠራዋ የአልታየች ባል፣ የሔራን አባት። ከሹፌሮቹ ሁሉ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው የመረጠው። ጠዋት ጠዋት የሁለቱ ሥርዓት አንድ ነው። ሚዛኑ ከአፍንጫዋ ሥር ይገባል፣ ተስፋሚካኤል ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ወልደአረጋይ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ የሃርድቶፑን ኮፈን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርግና «ሂድ» ይላል። ካልመታ ተስፋሚካኤል ሞተር አያስነሳም። እንደዚህ ሆነው እነዋሪ ሄዱ፣ መዘዞ ሄዱ፣ ቆላ ወርደው ወጡ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ የፈነዳ ጎማ በቀር ምንም አልደረሰባቸውም።

የኛ አገር ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። መኪና ወደ አገሩ ከሄደ ባዶ ቦታ ያለው አይመስለውም፣ ያለው ሁሉ የእሱ ነው። በግ ጫኑልኝ የሚል አለ፣ ቆርቆሮ የሚል አለ፣ አማቴን አድርሱልኝ የሚል አለ። ወልደአረጋይ ለማንም አልጫነም። የገዛ ሚስቱን እህት አንድ ኩንታል ጤፍ ከሙሽሪት አስወርዶ ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። ይህን የምነግራችሁ በኋላ «ልቡ ገር ነበር» እንዳትሉልኝ ነው። ገር አልነበረም። እንቢ ማለት እጅግ ያውቅበታል።

ቄስ ዘርአ ዳዊት ከአንኮበር በታች የእንዶድ በር ሚካኤል አስተዳዳሪ ናቸው። ወልደአረጋይ የተወለደው እዚያ ደብር ነው፤ ቄሱም የንስሐ አባቱ ናቸው። ደብሩ ደወል አልነበረውም፤ ከጥንት ጀምሮ የሚደወለው የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው። ከተማ የገቡ የደብሩ ልጆች ተሰባስበው የነሐስ ደወል ከነብረት ማንጠልጠያው ገዙ። ደወሉ ደብረ ብርሃን ድረስ መጣና የሚያወርደው መኪና ጠፍቶ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ወር ተቀመጠ።

ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ሙሽሪት ወደዚያው አቅጣጫ የምትወርድበት ተራ ደረሰ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሐኪሞቹ በፒካፑ ቀድመው ወጥተዋል። ሚዛኑ ገብቶ፣ ሁለት መቶ አርባ ተነቦ፣ ደብተሩ ላይ ተጽፏል። ወልደአረጋይ ኮፈኑን ሊመታ እጁን ሲያነሳ ቄስ ዘርአ ዳዊት መስቀላቸውን ይዘው በበሩ ገቡ። ከኋላቸው ደወሉ በጋሪ፣ ከጋሪው ጋር ስድስት ሰው።

ወልደአረጋይ መስቀሉን ተሳለመ። ቄሱም ነገራቸውን አላስረዘሙም። «ልጄ፣ ለራሴ ለምኜህ አላውቅም። ይህ ለሚካኤል ነው። በዓሉ በዚህ ደወል እንዲከበር ምእመኑ ይጠብቃል።»

«አባቴ፣ ጭነቱ ልክ ሆኗል። ነገ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ።»

«ነገ፣ ነገ ስንባል ሁለት ወራችን። እናትህ ስትቀበር እንኳ ድንጋይ ነው የደወልንላት።»

እዚህ ላይ ወልደአረጋይ ዓይኑን ወደ ጭነቱ አዞረ። ሃርድቶፑ በጄኔሬተርና በመድኃኒት ካርቶን ሙሉ ነው። የሙሽሪት የፊት ክፍል ወለሉ ላይ በተበየደው ወንበር ተይዟል። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከኋለኛው በር አጠገብ ያለው መተላለፊያ፤ ጭራዋ ማለት ነው። ያውቃል። ሳያውቅ ነው የሚል ሰው እንዳይመጣ ነው የምደጋግመው፤ በዚህ አውራጃ ያንን ነገር እንደሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለፒካፑ ደውሎ ቢመልሰው ደወሉ በሰላም ይደርሳል፤ የሚያጠፋው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የኋለኛውን በር ከፈተላቸው፤ ስድስቱ ሰዎች እያቃሰቱ ደወሉንና ብረቱን ከኋላ አስገቡት። ሙሽሪት ጭራዋን ዝቅ፣ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

ተስፋሚካኤል አይቶታል። ሚዛኑን አንሥቶ ቀረበና በለሆሳስ «ጋሽ ወልዴ፣ እንደገና አንመዝናትም?» አለው።

ወልደአረጋይ ቄሱን አየ። ቄሱ ቆመው ይጸልያሉ። የሚካኤልን ደወል የንስሐ አባቱ ፊት እንደ ኩንታል እህል ሚዛን ላይ ማውጣት አሳፈረው። እውነቱ ይኸው ነው፤ አፈረ። ደግሞ ቢመዝነው ቁጥሩ ምን እንደሚል ያውቃል፤ ቁጥሩን ካየ እንቢ ማለት ይኖርበታል፤ እንቢ ማለት አልፈለገም።

«ልክ ነው» አለው። «ብቻ ቀስ ብለህ ውረድ።» ኮፈኑንም ሁለት ጊዜ መታው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ተደወለ፤ ሃርድቶፑ ከነሙሽሪት ገደል ገብቷል ተባለ። አንኮበር መንገድ ላይ፣ ከጎረቤላ በታች፣ ቁልቁለቱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ወልደአረጋይ ከትራፊክ ፖሊሶቹ ጋር ወረደ። ሙሽሪት ገደሉ ሥር እንደ ካርቶን ተቀዳዳለች። ሃርድቶፑ ከእሷ በላይ በጀርባው ተኝቷል። ተስፋሚካኤልን አውጥተው ጋቢ አልብሰውታል። ሰው ሁሉ አስከሬኑን ከቦ ሲያለቅስ ወልደአረጋይ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ጠጠሩ ላይ የጎማው መሥመር ከመታጠፊያው ሃያ ሜትር ቀደም ብሎ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ ይታያል። የሃርድቶፑ የኋላ ጎማ አንድ ጉብታ ላይ ከመሬት ተነሥቶ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ሄዶ አርፏል። ቁልቁል ወርዶ በተሰበረው መስኮት አጮለቀ። ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው። ልጁ የታዘዘውን አድርጎ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ እየወረደ ነበር። ወልደአረጋይ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ደወሉ ደግሞ ከኋለኛው በር ወጥቶ፣ ሁለት እርከን ተንከባሎ፣ የአንድ ገበሬ የገብስ ማሳ ዳር ቆሞ ተገኘ። ጭረት የለበትም። ይህን ያየ ሰው ተንበረከከ። ወሬው ሳይመሽ አገሩን አዳረሰ፤ ተአምር ተባለ። በበዓሉ ቀን ደወሉ ተሰቅሎ ተደወለ፣ እልልታው ተራራውን ሞላው። በኋላም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደወሉ እንዲመጣ የረዱ ሰዎች ስም ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ከላይ ሦስተኛው «አቶ ወልደአረጋይ» ይላል። የተስፋሚካኤል ስም የለበትም።

ለምን እንደሌለበት ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ አቋቁሞ አደጋውን መረመረ። ማርሹን ማንም አላየም፣ ወይም አይቶ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። ሃርድቶፑን በሰንሰለት ሲያወጡት ማርሹን ባዶ አድርገውታል። የጎማውን መሥመር የሰው እግር አጥፍቶታል። ኮሚቴው የክብደት ደብተሩን አስመጣ። ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ በዚያ ቀን ጠዋት አፍንጫዋ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ፣ ፊርማ ወልደአረጋይ። የደብሩን ሰዎች የጠየቀ የለም፤ ደወሉን የጫነው ሹፌሩ በራሱ ፈቃድ መንገድ ላይ እንደሆነ አንዱ ገመተ፣ ሌላው «ደወል እኮ ነው፣ ስንት ሊመዝን ነው» አለ። ጭነቱ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ወረቀቱ ላይ «አሽከርካሪው ከተገቢው ፍጥነት በላይ በመንዳቱ» ተብሎ ተጻፈ። ወልደአረጋይ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቢኒያም ዞር ብሎ «ጋሽ ወልዴ፣ የሚጨምሩት አለ?» አለው። አፉን ከፈተና «የለም» አለ።

በሕይወቱ ሁሉ ስለ ኪሎ ያልጮኸበት ስብሰባ የለም። ዝም ያለው አንድ ቀን ነው፣ ያውም ያን ቀን።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማው ይህን ነው። «ምስኪን፣ ቸኩሎ ነው አሉ።» «ዝምተኛ ይመስል ነበር እኮ፣ ለካ በራሪ ኖሯል።» የዘጠኝ ዓመቷን ሔራንን አንድ የክፍሏ ልጅ «አባትሽ መንዳት አይችልም ነበር» እንዳላት፣ እሷም ደብተሯን ጥላ ወደ ቤት እንደሄደች ብርቱካን ሰምታ ነገረችው። ወልደአረጋይ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ከተስፋሚካኤል አርባ በኋላ ወደ እንዶድ በር ወረደና ለንስሐ አባቱ ሁሉንም ነገር ተናገረ። ቄሱ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«እኔም አለሁበት እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ ስለ ክብደት አያውቁም፣ አባቴ። የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ስማኝ። ምእመኑ ደወሉን ተአምር ብሎ ይዞታል። ልጁን የገደለው ደወሉ ነው ብለህ ብትናገር ማን ይሰቅለዋል? ማንስ ይሳለመዋል? ለእግዚአብሔር ነግረሃል፤ ይበቃል። ሰባት ቀን ጹም፣ ቀን ቀን መቶ ስገድ።»

ጾመ። ሰገደ። ጉልበቱ ቆሰለ እንጂ ነገሩ አልወጣለትም። ሊወጣለት እንዴት ይችላል? ስሙ የጎደፈው እግዚአብሔር አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሩን ይዞ ቢኒያም ቢሮ ገባ። ከሁለት መቶ አርባው ሥር በራሱ እጅ ጨምሮ ጽፏል፤ «ከዚህ በኋላ ደወልና ብረት ከኋላ ተጭኗል። እኔ ፈቅጃለሁ። አልተመዘነም።» ቢኒያም አነበበው፣ ደብተሩን ዘጋው፣ በሩንም ዘጋው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ጡረታዎ በሦስት ወር ነው። አሁን ይሄ ቢከፈት እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ እኔም፣ ኮሚቴውም፣ ደብሩም እንጠየቃለን። ለማን ብለው ነው?»

«ለልጁ።»

«ልጁ ሞቷል።»

«ስሙ አልሞተም» አለ ወልደአረጋይ። ቢኒያም ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲህ ያን ደብተር ያየው ሰው የለም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠባሴ ወደ አልታየች ቤት ሄደ። ከሰል የመሰለ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች የፋብሪካ ቱታዋን ታጥፋለች። ስታየው ተነሥታ ወንበሩን በሻሿ ጠራረገችለት። ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር፤ አክብራ ወንበር መጥረጓ።

ከቄሱ መምጣት ጀምሮ እስከ ቢኒያም መሳቢያ ድረስ ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ቱታውን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ጠየቀችው።

«ስንት ኪሎ ነበር ደወሉ?»

«አላውቅም።»

«እርስዎ አያውቁም?»

«አልመዘንኩትም።»

«ተስፋዬስ ይመዘን አላለም?»

«ብሏል። ጠይቆኛል።»

«ምን አሉት?»

«ልክ ነው አልኩት።»

አልታየች ቱታውን ቀስ ብላ አልጋው ላይ አኖረችው። «ያን ቀን ጠዋት ፈርቼ ነበር» አለች። «ቁልቁለቱን አልወደውም። 'ጋሽ ወልዴ ሳይመታው አልነሣም፣ እሱ ከመታው አታስቢ' አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም። ቀኑን ሙሉ፣ እስኪነግሩኝ ድረስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።»

ወልደአረጋይ ሊነሣ ወንበሩን ጨበጠ። ይቅር በይኝ ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ፈለገ።

«ይቀመጡ» አለችው። «ለእኔ ነገሩኝ፣ እሺ። እኔ ምን አደርገዋለሁ? ትምህርት ቤት የሚሰድቡት እኔን አይደለም። ሔራን ከሰንበት ትምህርት ቤት ልትመጣ ነው። ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ለእሷ ይንገሯት። አባትሽ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው ይበሏት። እርስዎ ምን እንዳደረጉም ይንገሯት።»

ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ ተስፋሚካኤል ሃርድቶፑን ተደግፎ የተነሣው ፎቶ አለ፤ ከጎኑ ራሱ ወልደአረጋይ ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ ቆሟል። ሌላ የሚያይበት ቦታ አጥቶ ጉልበቱን ያይ ጀመር። ለልጅ እንዴት ተብሎ ይነገራል እያለ ቃል ሲመርጥ፣ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል፣ የግቢው በር ተከፈተ።

ሔራን ነጭ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች። እንግዳውን ስታይ ቆም አለች፤ ከዚያ ፎቶውን አየች፣ መልሳ እሱን አየች፣ አወቀችውና ፊቷ በራ። አልታየች ልጇን ከአባቷ ሞት ወዲህ ስትስቅ ያየቻት ያን ጊዜ ነው።

«ኮፈኑን የሚመታው ጋሽ ወልዴ!» አለችና ሮጣ ሁለቱንም ጉንጩን ሳመችው።